ባልሽ መለዮውን ሳያወልቅ የትምህርት ጥቅሙን ለልጆቹ ያስተላልፍላቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባልሽ በአሜሪካ ጦር ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል፤ አንቺ ከሁለቱ ልጆች ጋር ደብረ ብርሃን ነሽ፤ በሚመጣው ዓመት ውሉ ሲያልቅ ሊወጣ አስቧል። ጂአይ ቢል የሚባለው የአሜሪካ ወታደሮች የትምህርት ጥቅም ለልጆቹ፣ ለአንቺ፣ አሥራ ሁለተኛን ለጨረሰው ታናሽ ወንድሙም ይሆናል ወይ ነው ያልሽው። አንድ ደላላ ደግሞ «እኔ አስጨርሳለሁ» ብሎ ቀብድ ጠይቋችኋል።

ከሁሉ በፊት የሚያስቸኩለውን ልንገርሽ። ባልሽ ጥቅሙን ለልጆቹ ማስተላለፍ የሚችለው ከጦሩ ሳይወጣ ነው። ከወጣ በኋላ አይቻልም። ይህን የምልሽ በራሴ ልጅ ላይ ስለደረሰ ነው።

እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ እዚያው ጦር ውስጥ ሰባት ዓመት አገልግያለሁ። ልወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ የማስፈርመው ወረቀት ተሰጠኝ። ዕቃ መልሷል፣ ጥርሱን ታይቷል፣ ዕዳ የለበትም፣ እንዲህ እንዲህ የሚል ነው። ትምህርት የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው «የ36 ወር የትምህርት ክፍያ አለህ፣ መልካም ዕድል» ብሎ ፈረመልኝ። ልጅ እንዳለኝ አልጠየቀኝም፤ እኔም የሚጠየቅ ነገር መኖሩን አላወቅኩም። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው፣ እናቴ ዘንድ ነበረች።

ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ታግሳ አስረዳችኝ፦ ማስተላለፍ የሚጠየቀው በአገልግሎት ላይ እያሉ ነው። እኔ 22 ወሩን ተምሬበታለሁ፤ 14 ወር ይቀረኛል። የወጣሁት እ.ኤ.አ. ከ2013 መግቢያ በኋላ ስለሆነ ጊዜ አያልፍበትም፤ እስክሞት የእኔ ነው። ለልጄ ግን አንዲት ቀን ቆርሼ ልሰጣት አልችልም። ስልኩን ስዘጋ ልጄ ጓዳ ሆና የእንግሊዝኛ ንባቧን ጮክ ብላ ታነብ ነበር። ምን እንደተባልኩ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የምናወራው ፖስት ናይን ኢለቨን ጂአይ ቢል ስለሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 ወዲህ በንቁ አገልግሎት ላይ የነበረ ሰው የሚያገኘው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ መቶ በመቶ ያገኛል፤ ባልሽ ይህን አልፏል። ጥቅሙ 36 ወር ነው። ወሩ የሚቆጠረው በተማሩበት ጊዜ ስለሆነ ዘጠኝ ዘጠኝ ወር እየተማሩ አራት የትምህርት ዓመት ይሸፍናል። በአሜሪካ የመንግሥት ኮሌጅ ከሆነ ለግዛቱ ነዋሪ የሚታሰበው የትምህርት ክፍያ በሙሉ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይገባል፤ የቤት ኪራይ ድጎማና በዓመት እስከ 1,000 ዶላር የመጽሐፍ ገንዘብ ደግሞ ለተማሪው ይሰጣል። ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ከሆነ የቤቱ ድጎማ በጣም ይቀንሳል፤ ይህን ብዙ ሰው ከተመዘገበ በኋላ ነው የሚሰማው።

ለማስተላለፍ ቢያንስ ስድስት ዓመት ማገልገልና ተጨማሪ አራት ዓመት ለማገልገል መፈረም ያስፈልጋል። የእናንተ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ሊወጣ ያሰበ ሰው አራት ዓመት ጨምር ሲባል ይከብደዋል፤ ደብረ ብርሃን ሆና የምትጠብቀው ሚስቱን ደግሞ የበለጠ ይከብዳታል። እኔ አልፈርድም። ግን አስቡት፦ ሁለት ልጆች አሏችሁ፣ እንደፈለጋችሁ የምታካፍሉት አራት የኮሌጅ ዓመት ከፊታችሁ ተቀምጧል። ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር እኔ እፈርም ነበር። ከፈረመ ግን ይጨርስ። ጥቅሙ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ አራቱን ዓመት ሳይሞላ ቢወጣ የተከፈለው ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

ልጆቹ መጠቀም የሚጀምሩት አባታቸው አሥር ዓመት አገልግሎት ሲሞላና እነሱም ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ ወይም 18 ዓመት ሲሞላቸው ነው፤ 26 ዓመታቸው ላይ ያበቃል። አንቺ ከሆንሽ ማስተላለፉ እንደጸደቀ መጀመር ትችያለሽ፤ ግን እሱ አገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ ለሚስት የቤት ድጎማ አይከፈልም። ሲያካፍል ለሦስታችሁም ቢያንስ አንድ አንድ ወር ይስጥ። ከወጣ በኋላ ወሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይችላል፣ አዲስ ስም መጨመር ግን አይችልም።

አሁን በአንቺ እጅ ያለውን ሥራ ልንገርሽ፤ እኛ አገር ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነውና። ጥያቄው ሚሊኮኔክት በሚባለው የጦሩ ገጽ ላይ ነው የሚቀርበው፤ ገጹ የሚያሳየው ዲርስ በሚባለው መዝገብ የተመዘገበ ቤተሰብን ብቻ ነው። ለዚያ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። በእኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ የመጀመሪያ ስም ነው፤ በአሜሪካ ወረቀት ግን የባልሽ የቤተሰብ ስም የአባቱ ስም ነው። ስለዚህ የአባትና የልጅ «የቤተሰብ ስም» አይገጥምም፤ አንቺም በባልሽ ስም አትጠሪም። መዝጋቢው ግራ እንዳይጋባ የልደት ወረቀቱ የአባትን ስም እስከ አያት፣ በፓስፖርቱ ፊደል አጻጻፍ ልክ ይያዝ።

የቀኑ ነገር ደግሞ ይብሳል። የማውቀው ሰው ልጁ የተወለደው ጳጉሜን 3 ቀን 2005 ነው፤ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2013 ማለት ነው። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ 2005 አለው። ልጁ በወረቀት ስምንት ዓመት አረጀ። ሳይታረም ቢቀር ኖሮ ያ 26 ዓመት ገና በ18 ዓመቱ ይሞላበት ነበር። ወሳኝ ኩነት ቢሮ ስትሄጂ ሁለቱንም ቀን አስመዝግቢ፤ ተርጓሚው ጋም ቁጭ ብለሽ በጣትሽ እየተከተልሽ አንብቢው።

እዚሁ ኢትዮጵያ መማር ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ከአሜሪካ ውጭ የሚከፈለው ቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ትምህርት ቤቱንና የትምህርት ክፍሉን ካጸደቀ ብቻ ነው። የጂአይ ቢል ማነጻጸሪያ ገጽ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም ጽፈሽ ፈልጊ፤ እስካልጸደቀ ድረስ አይከፈልም። ለውጭ አገር ትምህርት ቤት የሚከፈለውም ዓመታዊ ጣሪያ አለው።

ታናሽ ወንድሙ አይካተትም። ሚስትና ልጅ ብቻ ናቸው፤ እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ የእህት ልጅ የለበትም። አዝናለሁ፤ እኛ ዘንድ ያሳደገውን ወንድም ከልጅ ማን ይለየዋል። ግን አያታቸው የቃኘው ዘማች ነበሩ ብለሻል። የኮሪያ መንግሥት ግሎባል ኮሪያ ስኮላርሺፕ በሚለው ፕሮግራሙ ለኮሪያ ዘማቾች ተወላጆች ልዩ ግምት ይሰጣል። ልጁ የአያቱን የዘማችነት ማስረጃና ዝምድናውን የሚያሳይ ወረቀት ከአሁኑ ያሰባስብ፤ የኮሪያ ኤምባሲ የሚያወጣውን ማስታወቂያም ይከታተል።

ደላላውን ተዉት። ማመልከቻው አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። የቀብዱ ብር ሳይሆን የሚያስፈራኝ የባልሽን የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር መጠየቁ ነው። እሱን ለማንም አትስጡ። ባልሽ የሚሄደው ክፍሉ ውስጥ ወዳለው ካሪየር ካውንስለር (የአገልግሎት ውል አማካሪ) ነው፤ ሲጸድቅለት ልጆቹ በጊዜያቸው 22-1990ኢ የሚባለውን ቅጽ ራሳቸው ይሞላሉ።

ዛሬ ሲደውልልሽ ስለ አራቱ ዓመት ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቂው፦ ሚሊኮኔክትን ይክፈትና የሁለቱ ልጆች ስም እዚያ መኖሩን ይይልሽ። ከሌለ ነገ ጠዋት ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሂጂ።