የግራፊክስ ካርዳችሁን ቮልቴጅ ከመጨመራችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስ ላይ ኤሌክትሮኒክስ መጠገን ከጀመርኩ ከ30 ዓመት በላይ ሆነኝ። የጀመርኩት በራዲዮና በቴፕ ነው። ቴሌቪዥኑም አለፈና ዛሬ ጠረጴዛዬን የሚሞላው ኮምፒውተር ሆኗል። ከኮምፒውተር ዕቃ ሁሉ ሲበላሽ የሚያሳዝነኝ ግን ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም የስክሪኑን ምስል የሚሠራው ክፍል ነው። አንድ ወጣት ያገለገለ ካርድ ለመግዛት ስንት ወር እንደሚያጠራቅም አውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት ከፍኖተ ሰላም አንድ ልጅ መጣ። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል። ካርዱ አርኤክስ 580 የሚባል የኤኤምዲ ካርድ ነው። «ጋሼ፣ በድሮው ፍጥነት እንኳ አልሠራ አለኝ» አለኝ። ነገሩን ከሥሩ ጠየቅሁት። ጥር ሲመጣ ሥራ ተደራረበበት። ካርዱን ኦቨርክሎክ አደረገ፣ ማለትም ፍጥነቱን ከፋብሪካው በላይ ከፍ አደረገ፤ ከ1,340 ሜጋኸርዝ ወደ 1,450። አልረጋ ሲለው ቮልቴጁን ከ1.15 ወደ 1.25 ከፍ አደረገው። ያን ጊዜ ረጋ። አራት ወር ሙሉ ደህና ሠራለት። በአምስተኛው ወር ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ይታየው ጀመር። ደንግጦ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መለሰው። ነጠብጣቡ ግን አልጠፋም።

ብዙዎቻችሁ ቮልቴጅ ሲበዛ ካርዱ ጨሶ የሚሞት ይመስላችኋል። ስለዚህ ካልጨሰ ደህና ነው ትላላችሁ። እኔ ካየኋቸው ካርዶች አብዛኞቹ አልጨሱም። ቀስ ብለው አረጁ እንጂ።

እንዴት እንደሚያረጅ ልንገራችሁ። የግድግዳው 220 ቮልት በፓወር ሰፕላዩ 12 ቮልት ይሆናል። ካርዱ ደግሞ ያን 12 ቮልት አውርዶ ሥራውን ለሚሠራው ቺፕ 1 ቮልት ገደማ ይሰጠዋል። ቮልቱ ሲያንስ አምፔሩ ይበዛል። ቺፑ 100 ዋት ሲበላ በ1 ቮልት 100 አምፔር ይፈስበታል ማለት ነው። እናታችሁ እንጀራ የምትጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚስበው 16 አምፔር ገደማ ነው። ከስድስት ምጣድ በላይ የሚሆን አምፔር፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማይበልጥ ቺፕ ውስጥ ያልፋል። በውስጡ ያሉት ሽቦዎች ከፀጉር በብዙ መቶ እጥፍ የቀጠኑ ናቸው። ይህ ሁሉ ጅረት የብረቱን አተሞች ቀስ በቀስ ከቦታቸው ይገፋቸዋል። ኤሌክትሮማይግሬሽን ይባላል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይፈጥናል። ከዚህ ሌላ ትራንዚስተሩ ውስጥ (ቺፑ የተሠራበት ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው) እጅግ ስስ የሆነ መከላከያ ሽፋን አለ። እሱን የሚጎዳው ራሱ ቮልቴጁ ነው። ሁለቱም የደረሱበት ካርድ ትናንት በ1.15 ቮልት ይሠራው የነበረውን ፍጥነት ዛሬ በ1.15 አይችለውም። የልጁ ካርድ የገጠመው ይኸው ነው።

አሁን ልጁ ያገኘውንና የከፈለውን አስሉት። ሙቀት የሚያድገው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ በፍጥነቱ ተባዝቶ ነው። ፍጥነቱ የጨመረው 8 በመቶ ነው። ቺፑ የሚያወጣው ሙቀት ግን 28 በመቶ ገደማ ጨመረ። አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረ ሬንደር፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ ማውጣት፣ ቢበዛ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ቀነሰለት። ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሠርቼ ሳሳየው ልጁ ዝም ብሎ ቆየ።

«ታዲያ እስከ ስንት ነው የሚቻለው?» ትሉኛላችሁ። ለሁሉም ካርድ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። የ28 ናኖሜትር ቺፕ ያላቸው የኤንቪዲያ ኩባንያ ጂቲኤክስ 900 ካርዶች (ናኖሜትሩ ሲያንስ ትራንዚስተሩም ያንሳል) ከ1.2 ቮልት በላይ ይወስዱ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ጂቲኤክስ 1060 ባለ 16 ናኖሜትር ነው፤ ኤንቪዲያ ራሱ 1.093 ቮልት ላይ ዘግቶታል። ትራንዚስተሩ ባነሰ ቁጥር የሚችለው ቮልቴጅም ይወርዳል። ስለዚህ የጓደኛችሁን ቁጥር ወደ እናንተ ካርድ አታምጡት። ለአርኤክስ 570 እና 580 እኔ የምቆመው 1.2 ቮልት ላይ ነው። እሱም ማቀዝቀዣው ንጹሕ ሲሆንና ካርዱ ቀን ከሌት የማይሠራ ሲሆን ብቻ። 1060ን በሚጨምሩት የጂቲኤክስ 10 ካርዶች ፋብሪካው የፈቀደውን አትለፉ። ባዮሱን (ካርዱ ሲነሣ የሚያነበውን የውስጥ ፕሮግራም) ቀይሮ ክልከላውን መስበር እንደሚቻል አውቃለሁ። አታድርጉት። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር አንድ የተሳሳተ ባዮስ ካርዱን ዝም ያሰኘዋል።

ስለ ራሳችን አየርም ላንሳ፤ ይህን የሚነግራችሁ ብዙ ሰው የለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። ባሕር ዳርም 1,800 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ማርቆስ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ ስስ ነው። ፋኑ ያው ዙር ይዞራል፣ የሚያሳልፈው አየር ግን ቀላል ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የማርቆስ ብርድ ትንሽ ያካክስልናል። ባሕር ዳር በሚያዝያ ግን ብርዱም የለ። እና በባሕር ጠረፍ ከተማ የተሞከረ ቮልቴጅ እዚህ ያው ሙቀት ይሰጣል ብላችሁ አትጠብቁ። አቧራው ደግሞ አለ። ቡና በሚቆላበት ክፍል የቆየ ካርድ ስፈታ፣ ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚያወጣው ብረት) ላይ ጭሱና አቧራው እንደ ጭቃ ተጋግሮ አገኘዋለሁ። እሱን ጠርጌ በቺፑና በሂትሲንኩ መሐል የሚቀባውን ቴርማል ፔስት ስቀይር ብዙ ጊዜ ሙቀቱ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይወርዳል። ካርዱም ቮልቴጅ ሳይነካ በራሱ ይፈጥናል። ሲሞቀው ፍጥነቱን የሚቀንሰው ራሱ ነበርና።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ጽዱ የምላችሁ። ከዚያ ቮልቴጁን ከመጨመር ይልቅ መቀነስን ሞክሩ። አፍተርበርነር የሚባለውን የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍታችሁ ኮንትሮልና ኤፍን አንድ ላይ ብትጫኑ የቮልቴጅና የፍጥነት መስመር ይመጣል። ብዙ ጂቲኤክስ 1060 ካርዶች በ0.9 ቮልት 1,800 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይይዛሉ። በ1.05 ቮልት ይሠራ የነበረ ካርድ በዚያው ፍጥነት ወደ 0.9 ቢወርድ የቺፑ ሙቀት በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። ማታ ሬንደር ላይ ጥላችሁት ብትተኙም አያሳስብም። ፍጥነት መጨመር የግድ ከሆነባችሁ ቮልቴጁን እንዳለ ትታችሁ 15 ሜጋኸርዝ፣ 15 ሜጋኸርዝ ጨምሩ። በየመሐሉ ከባድ ሥራ ስጡትና ግማሽ ሰዓት ተመልከቱት። ክራሽ ካደረገ ወይም ነጠብጣብ ካሳየ ሁለት እርምጃ ተመለሱ። እዚያ ላይ ተዉት። ካርዱ «በቃኝ» ሲላችሁ በቮልቴጅ አትከራከሩት።

የሜሞሪውን ቮልቴጅ ጨርሶ አትንኩ።

የፍኖተ ሰላሙን ልጅ ካርድ አልጣልነውም። ጠረግነው፣ ፔስት ቀየርን፣ ፍጥነቱን ወደ 1,200 ሜጋኸርዝ አወረድነው። እዚያ ላይ ነጠብጣቡ ጠፋ። ባለፈው ጥር ያን ካርድ ይዞ የሰርግ ሥራውን ሁሉ አስረክቧል። አሁን በየወሩ ሙቀቱንና ፍጥነቱን ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ማርቆስ ሲመጣም ደብተሩን ይዞልኝ ይመጣል።