ከድረ ገጽ የሚላክ ኢሜይል ስፓም ውስጥ ለምን ይገባል? ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ኢሜይሉን የሚልከው ማን እንደሆነ (ሰርቨሩ ራሱ ወይስ የኢሜይል መላኪያ አገልግሎት)፣ ተመልሶ የመጣውን የስህተት ኮድ፣ «ላኪ» በሚለው ቦታ የሚታየውን አድራሻ። «አይሰራም» ብቻ ለሚል መልስ የለኝም።

ንብ፦ ድረ ገጼ የተሠራው በወርድፕሬስ ነው። የድረ ገጹ መገናኛ ቅጽ ሲሞላ ኢሜይሉ ወደ ጂሜይሌ አይደርስም፤ 550 5.7.26 ይላል። ላኪው ላይ የሚወጣው ቅጹን የሞላው ሰው አድራሻ ነው።

መላሽ፦ ጥያቄህ ውስጥ መልሱ አለ። ሰውየው የያሁ አድራሻ ከሞላ፣ ሰርቨርህ በያሁ ስም እየላከ ነው። ያሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በዲማርክ (የዶሜን ባለቤት በስሙ መጥቶ ማረጋገጫ ያላለፈ ኢሜይል ምን ይደረግ የሚልበት ደንብ) «እኔ ያላረጋገጥኩትን አትቀበሉ» ብሏል። ላኪው የራስህ ዶሜን (የድረ ገጽህ ስም) አድራሻ ይሁን፤ የሰውየው አድራሻ «ሪፕላይ ቱ» (የመልስ አድራሻ) ውስጥ ይግባ። መልስ ስትሰጥ ቀጥታ ወደ እሱ ይሄድልሃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኤስፒኤፍ (ሰርቨሩ በዶሜኑ ስም እንዲልክ መፈቀዱን የሚያጣራው) የሚመረምረው አንባቢው የሚያየውን ላኪ አይደለም፤ ከጀርባ ያለውን፣ ያልደረሰ ኢሜይል የሚመለስበትን «ሪተርን ፓዝ» ነው። መላኪያ አገልግሎቶች ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ የራሳቸውን ዶሜን ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ኤስፒኤፍ ያልፋል፣ ያለፈው ግን በእነሱ ስም ነው። ዲማርክ የሚጠይቀው ደግሞ የሚታየው ላኪ ዶሜን ካለፈው ኤስፒኤፍ ወይም ካለፈው ዲኪም (ኢሜይሉ ላይ ከሚያርፈው የዶሜን ዲጂታል ፊርማ) ጋር እንዲገጥም ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢገጥም ይበቃል፤ እኔ ሁሌም ዲኪሙን እመርጣለሁ። ኢሜይሉ ወደ ሌላ አድራሻ ሲተላለፍ ኤስፒኤፍ ይወድቃል፣ የዲኪም ፊርማ ግን ይዘቱ እስካልተነካ ይጸናል። አገልግሎቱ ውስጥ ገብተህ በራስህ ዶሜን እንዲፈርም አድርግ።

ጀማሪው፦ በዲኤንኤስ (የዶሜኔ መረጃ በሚቀመጥበት መዝገብ) ለሆስቲንጉ አንድ ኤስፒኤፍ ሬከርድ፣ ለመላኪያው ሌላ ኤስፒኤፍ አስገብቻለሁ። ልክ ነው?

መላሽ፦ አይደለም። ለአንድ ዶሜን አንድ ኤስፒኤፍ ብቻ። ሁለት ካሉ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም። በአንድ መስመር አዋህዳቸው፤ የሚያስከትሉት የዲኤንኤስ ፍለጋ ከ10 እንዳይበልጥ።

ቀስተ ደመና፦ ከክላውድ ሰርቨር በፖርት 25 (ሰርቨሮች ኢሜይል በሚለዋወጡበት በር) ኢሜይል ስልክ «ታይምአውት» ይላል።

መላሽ፦ አቅራቢው ዘግቶታል። በመላኪያ አገልግሎት በኩል በፖርት 587 ወይም 465 ኢሜይሉን ላኪ።

ሰርቨር ወዳጅ፦ ለምን? ፖስትፊክስ (ኢሜይል የሚልክ ፕሮግራም) ጭና፣ ፖርቱን አስከፍታ ራሷ ብትልክስ?

ኮድ ቆራጭ፦ የአይፒው (የሰርቨሩ ቁጥራዊ አድራሻ) የቀድሞ ተከራይ ስፓም ልኮበት ከሆነስ? የሌላ ሰው ዕዳ ልትከፍል ነው?

ሰርቨር ወዳጅ፦ የስፓም ላኪዎች ጥቁር መዝገብ ውስጥ ካለ አይፒውን ትቀይራለች። ፒቲአሩ (ከአይፒው ወደ ስም የሚመራው ሬከርድ) ከሰርቨሩ ስም ጋር ከገጠመ፣ ስሙም ወደዚያው አይፒ ከተመለሰ ይሰራል።

ኮድ ቆራጭ፦ ለይለፍ ቃል መቀየሪያ ኢሜይል ይህ ሁሉ ጣጣ? ደግሞም 465 ያረጀ ፖርት ነው፤ 587 ትጠቀም።

መላሽ፦ 465 አላረጀም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 8314፣ ከመጀመሪያው የተመሰጠረውን ግንኙነት ይመርጣል፤ ያም 465 ነው። 587 ግልጽ ሆኖ ይጀምርና በስታርትቲኤልኤስ ትእዛዝ ይመሰጠራል። ሁለቱም ይሰራሉ። የራስ ሰርቨር ክርክሩን ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ጀማሪው፦ ዲማርክን ቀጥታ «ሪጀክት» (ያላለፈውን አትቀበሉ) ላድርገው?

መላሽ፦ ተው! በ«ነን» (ምንም አታድርጉ) ጀምር፤ ሪፖርት የሚደርስበት አድራሻም አስገባ። ሪፖርቱ በስምህ የሚልከውን ሁሉ ያወጣልሃል፤ የተረሳ የክፍያ መጠየቂያ ሲስተም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው። ሁሉም ማለፉን ስታይ ወደ «ኳራንቲን» (ስፓም ውስጥ ክተቱ)፣ ከዚያ ወደ «ሪጀክት»።

ዋርካ፦ የኔም ስፓም ይገባል። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ መጀመሪያ የጻፍኩትን አንብብ።

ቀስተ ደመና፦ ዜና መጽሔትም በዚሁ ዶሜን ልላክ?

መላሽ፦ በንዑስ ዶሜን ለዪው። ሰዎች መጽሔቱን ስፓም ሲሉት የይለፍ ቃል ኢሜይሉም አብሮ እንዳይጎዳ። በቀን ከ5,000 በላይ ወደ ጂሜይል የሚልክ ደግሞ ሦስቱም ሬከርዶች (ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ)፣ በአንድ ጠቅታ የመውጫ መንገድ፣ ከ0.3% በታች የስፓም አቤቱታ ይጠበቅበታል።

ኮድ ቆራጭ፦ ከመላኪያ አገልግሎቶች የትኛው ይሻላል?

መላሽ፦ በራስህ ዶሜን ዲኪም የሚፈርምልህ። ብራንድ አልመርጥም።

ዋርካ፦ እሺ፣ አነበብኩ። በመላኪያ አገልግሎት ነው የምልከው፣ ላኪው የራሴ ዶሜን ነው፣ የስህተት ኮድ የለም። ጂሜይል ላይ የኢሜይሉን ኦሪጅናል (ሙሉ ጥሬ ጽሑፉን) ስከፍት ኤስፒኤፍ ያልፋል፣ ዲማርክ ይወድቃል። አገልግሎቱ የዲኪም ሬከርዴን «አልተገኘም» ይላል። ዲኤንኤሱ ክላውድፍሌር ላይ ነው፣ ሬከርዱ ሲኔም (ወደ ሌላ ስም የሚመራ) ነው።

መላሽ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ሁለት ነገር እይ። የስም ሳጥኑ ውስጥ ዶሜንህን ጨምረህ ከጻፍክ፣ አንዳንድ ፓናሎች ራሳቸው ስለሚጨምሩት ስሙ ይደገማል። ሁለተኛ፣ ከሲኔሙ ጎን ያለው ደመና ብርቱካናማ ከሆነ ፕሮክሲ በርቷል (ክላውድፍሌር መሃል ገብቶ በራሱ አድራሻ ይመልሳል) ማለት ነው፤ ግራጫ አድርገው።

ዋርካ፦ ብርቱካናማ ነበር። አልፏል።