ሲክል ሴል ያለበት ልጅ "አመመኝ" ሲላችሁ

እዚህ አሜሪካ ነርሲንግ ለምትማሩ ልጆቼ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በነርስነት ብዙ ዘመን ሰርቼ ጡረታ ልወጣ ነውና ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚወረስ የደም በሽታ ስላለባቸው ልጆች ትንሽ ላውራችሁ። ደጋ ላደግነው በሽታው እንግዳ ነው፣ የተስፋፋው ወባ ባለበት አገር ስለሆነ፣ እዚህ ግን ወደ 100,000 ሰው አለበት አብዛኞቹም ጥቁሮች ናቸው፣ ስራ ጀምራችሁ ብዙ ሳትቆዩ ታገኟቸዋላችሁ።

ቀይ የደም ሴሉ እንደ ማጭድ ታጥፎ ደም ስር እንደሚዘጋ፣ ክራይሲስ የሚባለው ህመምም ከዛ እንደሚመጣ ለፈተና ታጠኑታላችሁ። እኔ የምላችሁ ሌላውን ነው። ልጁ 20 ዓመቱ ነው እንበል፣ ኢመርጀንሲ አልጋ ላይ ሆኖ ስልኩን እያየ ነው፣ ህመምህ ከ10 ስንት ነው ሲሉት 9 ይላል፣ የሚሻለውን የህመም ማስታገሻ ከነመጠኑ በቃሉ ይነግራችኋል። ይሄኔ አንዱ ሰራተኛ "ሱሰኛ ነው" ብሎ ጨርሷል። ልጁ እኮ ከህጻንነቱ ጀምሮ ህመሙን በስልክ በምናምን መርሳት ስለለመደ ነው፣ መጠኑንም ያወቀው ስንቴ ተወግቶ። ኤክስሬይ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም፣ የደም ምርመራም ህመም አይለካም፣ በእጃችሁ ያለው የሱ ቃል ብቻ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን አይደል፣ እነዚህ ግን ተናግረው አልታመን ሲሉ ነው መደበቅ የሚጀምሩት። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ትምህርት ቤት ይሳቅባቸዋል፣ ጉርምስና ስለሚዘገይባቸው ከእኩዮቻቸው ያንሳሉ፣ ስራ ሲቀሩ አለቃቸው ሰነፍ ይላቸዋል። ፍቅረኛዋ እንዳያውቅባት ትራስ ነክሳ ክራይሲሱን ብቻዋን የምትወጣውን ልጅ አይቻለሁ፣ ሆስፒታል የምትመጣው ትኩሳቱ ሲያስፈራት ነው። 18 ሲሞላቸው ደሞ በስማቸው የሚጠሯቸውን የህጻናት ሐኪሞች ትተው አዋቂ የምናክመው እኛ ጋ ይመጣሉ፣ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ማስረዳት፣ እንደ አዲስ መጠርጠር። በ2023 ሁለት የጂን ህክምና ተፈቅዶ ደስ ብሎን ነበር፣ ዋጋው ግን በሚሊዮን ዶላር ነው፣ ዜናውን ስልካቸው ላይ አይተው "ለኔስ?" ሲሏችሁ መልሱ ከባድ ነው።

ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ "ምን ሲሰጡህ ነው የሚሻልህ?" በሉት። የመጀመሪያው ማስታገሻ በ1 ሰዓት ውስጥ እንዲደርሰው ሐኪሙን ወትውቱ። ሺፍት ስታስረክቡ "ሱስ ሳይኖርበት አይቀርም" አትበሉ፣ ያቺ ቃል ቻርቱ (የህክምና መዝገቡ) ውስጥ ከገባች በየሄደበት ትከተለዋለች። ከሀበሻ ጋር ከሰራችሁም አጠገቡ ቆማችሁ በአማርኛ አትሳሳቁ፣ ስለሱ እንደምታወሩ ፊታችሁ ይነግረዋል። እቤት ማን እንዳለው፣ እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ፣ ተስፋ ቆርጦ እንደሆነ ጠይቁት፣ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። ከክፍሉ ስትወጡም መቼ እንደምትመለሱ ንገሩት፣ በሰዓቱም ተገኙ።