ሃርድ ጄል ወይስ ሶፍት ጄል? መጀመሪያ አወላለቁን እናውራ

ጥያቄ፦ እንደምን ነሽ እህቴ? ጥፍሬ ስስ ነው፤ ትንሽ ሲያድግ ይታጠፍና ይሰነጠቃል። ጥፍር የምትሰራኝ ልጅ «ሃርድ ጄል ይቆይልሻል» ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ «ሃርድ ጥፍርሽን ይጨርሰዋል፣ ሶፍት አድርጊ» ብላ አስፈራራችኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ፤ ቤት ስገባ እቃ አጥባለሁ። እውነቱን ለመናገር ሲሰለቸኝ ጄሉን እየላጥኩ አነሳዋለሁ። የቱን ልምረጥ?
ግራ የገባት

መልስ፦ የኔ እህት፣ ዓይኔ የቀረው «እየላጥኩ አነሳዋለሁ» ያልሽው ላይ ነው። ጄል ሲላጥ ብቻውን አይመጣም። የጥፍርሽን የላይኛውን ሽፋን ይዞ ነው የሚነሳው። ጥፍርሽ ሲፈጥረውም ስስ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ልማድሽን ነው።

ጄል ማለት ጥፍር ላይ ተቀብቶ በመብራት የሚደርቅ ሽፋን ነው፤ ብዙ ሰው ሲመርጠው ስንት ሳምንት እንደሚቆይ ብቻ ይጠይቃል። እኔ የምጠይቀው እንዴት እንደሚወርድ ነው። ሃርድ ጄል መብራት ውስጥ ሲደርቅ ውስጡ ጥቅጥቅ ብሎ ይተሳሰራል። አሴቶን የሚባለው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይገባበትም፤ ስትዘፈዝፊው ብትውዪ ንቅንቅ አይልም። የሚወርደው በሞረድ ወይም በማሽን ተሞርዶ ብቻ ነው። ሶፍት ጄል ትስስሩ ላላ ያለ ስለሆነ አሴቶን ዘልቆ ይገባና ያላቅቀዋል።

ስለዚህ ጓደኛሽ ግማሽ እውነት ይዛለች። ጥፍር የሚጎዳው ሃርድ ጄሉ ራሱ ሳይሆን የሞራጇ እጅ ነው። ጥሩ ባለሙያ ሃርድ ጄልን እስከ ጥፍሩ ድረስ አትሞርድም። ስስ ሽፋን ትተውና በላዩ ላይ ትሞላለች። የቸኮለች ወይም ያልለመደች ከሆነች ግን ማሽኑን ጥፍሩ ሥር ቆዳው አካባቢ ትጫነዋለች። እዚያ ላይ ቀይ ግማሽ ክብ መስመር ካየሽ፣ ስትነኪውም ካመመሽ፣ ጥፍርሽ ተሞርዷል ማለት ነው። መስመሩ አድጎ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል። የእጅ ጥፍር በወር የሚያድገው 3 ሚሊሜትር ገደማ ነውና።

አሁን አንድ ነገር ሞክሪ። ምንም ያልተቀባ ጥፍርሽን ጫፉን ከሥሩ በአውራ ጣትሽ ቀስ አድርገሽ ወደ ላይ ግፊው። እሺ ብሎ ከታጠፈ ሃርድ ጄል አይሆንሽም። የማይታጠፍ ነገር በሚታጠፍ ነገር ላይ ማድረግ ወረቀት ላይ መስታወት እንደመለጠፍ ነው። ጥፍርሽ ቁልፍ በነካሽ ቁጥር ይታጠፋል፣ ጄሉ አይታጠፍም፤ ከዚያ በጎን በኩል መነሳት ይጀምራል። የእቃ ማጠቢያው ውሃ በዚያች ክፍተት ይገባል። እርጥበቱ እዚያው ታፍኖ ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበትና ጥፍሩ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

ለአንቺ የምመርጥልሽ ሶፍት ጄል ነው፤ አጠር ተደርጎ። ከጥፍርሽ ጋር አብሮ ይለጠጣል። ሥሩ ወፈር ያለ ቤዝ፣ ማለትም መጀመሪያ የሚቀባው ሽፋን፣ ይደረግልሽ። በተለይ «ቢልደር» የሚባሉት ጥፍር ማወፈሪያ ጄሎች ላይ ተጠንቀቂ፤ በአሴቶን የሚለቁም የማይለቁም አሉ። ከመቀባቱ በፊት «ይሄ በአሴቶን ይለቃል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ከተድበሰበሰ እጅሽን ሰብስቢ።

ማስለቀቂያው ደግሞ እንዲህ ነው። የላይኛውን አብረቅራቂ ሽፋን በሞረድ ፈግፍጊው፤ ያለዚያ አሴቶኑ አይገባም። ዙሪያውን ቆዳሽን ቫዝሊን ቀቢ። ጥጥ በአሴቶን አርሰሽ ጥፍሩ ላይ አድርጊና በፎይል ጠቅልይው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቂ። ስትፈቺው ጄሉ ተሸብሽቦ ከጥፍሩ ተነስቶ ታገኚዋለሽ። በእንጨት ገፋ ስታደርጊው ካልወረደ መልሰሽ ጠቅልይው። እዚህ ጋ ነው ሁሉም ትዕግሥቱ የሚያልቀው! መፋቅ የለም።

ልጅቷም ቢሆን አልዋሸችም። ጥፍሩ ጠንካራ ለሆነ፣ በፎርም (ጥፍር ጫፍ ሥር በሚደረግ ቅርጽ ማውጫ) ረጅም ለሚያስቀጥልና በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ ለማስሞላት ለማይሰንፍ ሰው ሃርድ ጄል ግሩም ነው። ግን ከማስሞላቱ ቀን መቅረት አይወድም። ጥፍር ሲያድግ ወፍራሙ ክፍል ወደ ፊት ይሄዳል፤ ክብደቱ ጫፍ ላይ ይሆንና ትንሽ ሲጋጭ ከነጥፍሩ ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ሃርድ ጄል ሲሰራልኝ መብራቱ ውስጥ ያቃጥለኛል። ልቻለው?

መልስ፦ ምን በወጣሽ! ጄል ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ወፍራም ሆኖ ከተቀባ ይብሳል። እጅሽን አውጪ፣ ጋብ ሲልልሽ መልሺው። ቀጭን ቀጭን አድርጋ በየተራ እንድታደርቀው ንገሪያት። ደቂቃውን ግን ሳትጨርሺ እንዳትነሺ፤ በደንብ ያልደረቀ ጄል ለአለርጂ ያጋልጣል።

ጥያቄ፦ ጄል ካሰራሁ በኋላ በጥፍሬ ዙሪያ ያሳክከኛል፣ ውሃም ይቋጥራል። ከሶፍት ወደ ሃርድ ልቀይር?

መልስ፦ አትቀይሪ፣ አቁሚ። ምልክቱ የአክሪሌት አለርጂ ይመስላል፤ ይህ ንጥረ ነገር ደግሞ ሁለቱም ውስጥ አለ። ከአክሪሌቶቹ በብዛት ስሙ የሚነሳው ሄማ የሚባለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ደንብ ሄማ ያለባቸው የጥፍር ውጤቶች ለባለሙያ ብቻ እንዲሆኑ ወስኗል። «ሄማ የለውም» የሚል ጽሑፍም አያዘናጋሽ፤ ሌሎች አክሪሌቶች ይኖሩበታል። ጄሉን አስወርደሽ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አለርጂው ከተረጋገጠ ለጥርስ ሐኪምሽም ንገሪው። ጥርስ የሚሞላበት ነገር ከዚሁ ቤተሰብ ነው።