ፖርሽን፣ ሱፐርቫይዘርና አዲስ መጽሐፍ፦ የቋንቋ መምህራን ጥያቄና መልስ

ሥርዓተ ትምህርትና መጽሐፍ ሲቀየር የቋንቋ መምህሩ ምን ያህል በራሱ መወሰን ይችላል? በዚህ ላይ ያላችሁን ጥያቄ ወርውሩ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አዲሱ መጽሐፍ እጄ ገባ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ለጊዜው መጽሐፉን ዝጋው። መጀመሪያ መርሐ ትምህርቱን አንብብ፤ ተማሪው ዓመቱ ሲያልቅ ምን ማድረግ መቻል አለበት የሚለውን ማለቴ ነው። ከአሮጌው ጎን አስቀምጠውና ምን ወጣ፣ ምን ገባ፣ ምን ቦታ ብቻ ቀየረ ብለህ ምልክት አድርግ። ለዓመታት ያጠራቀምካቸው መልመጃዎች የትኞቹ አሁንም እንደሚሠሩ ያኔ ይታይሃል።

ጥያቄ፦ ምዕራፍ ብዘልስ? ሱፐርቫይዘር መጥቶ ፖርሽን (በጊዜው ማለቅ ያለበትን የመጽሐፍ ክፍል) አልሸፈንክም ቢለኝ?

መልስ፦ የሁላችንም ጭንቀት ነው። ፖርሽን አለቀ ማለት ልጆቹ ገባቸው ማለት እንዳልሆነ ሱፐርቫይዘሩም አይጠፋውም፤ ግን እሱም የሚሞላው ቅጽ አለው። ከመዝለልህ በፊት ይሄን እይ፦ ክሂሉ (ምዕራፉ የሚያለማምደው የቋንቋ ችሎታ) ሌላ ምዕራፍ ላይ ተመልሶ ይመጣል? ፈተና ላይስ አለ? የሚቀጥለው ክፍል መምህር ተምረውታል ብሎ ይነሳል? ተመልሶ የሚመጣ ከሆነና የሌሎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ «አይ» ከሆነ ዝለለው። የዕለት ዕቅድህ ላይ ግን በአንድ መስመር ጻፍ፦ «ምዕራፍ 6 መልመጃ 3 ታልፏል፤ ክሂሉ ምዕራፍ 8 ላይ ይሠራል»። ካልጻፍከው ስንፍና ይመስላል፤ ከጻፍከው ትከራከርበታለህ።

ጥያቄ፦ ምንባቦቹ ለተማሪዎቼ ከባድ ናቸው። ላቅልላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንባቡን ሳይሆን ሥራውን አቅልይው። የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ አንብቢላቸውና «ከዚህ በፊት ምን ሆኖ ይመስላችኋል?» በያቸው። ግምታቸውን ሰሌዳ ላይ ጻፊ፣ የሳተውንም ጭምር። ከዚያ የቀሩትን አንቀጾች ለቡድን አከፋፍይ፤ እያንዳንዱ ቡድን የደረሰውን ብቻ አንብቦ የትኛው ግምት ልክ እንደነበር ለክፍሉ ይናገራል። ከምንባቡ አንድ ቃል አልተነካም፣ ግን ማንም ብቻውን ሙሉውን አልታገለም፤ ንግግርም በነፃ ተገኘ። አዲስ ቃል ሁሉ አትፍቺ፤ ያለ እነሱ ታሪኩ የማይገባውን አምስት ስድስት መርጠሽ ሌላውን ከዐውዱ ይገምቱ። በየመስመሩ የማያውቁት ቃል የሚደረደር ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ አይሠራም። ያኔ በሌላ አጭር ጽሑፍ ተኪው፣ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ ተግባቦት (በቋንቋው መነጋገርና መግባባት) ይላል፣ ፈተናው ሰዋስው ብቻ ነው። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወደድክም ጠላህም ሁለቱንም። ያለፈ ጊዜን ስታስተምር ጥንድ ጥንድ ሆነው ትናንት የዋሉትን ይጠያየቁ፤ በኋላ ከራሳቸው ዐረፍተ ነገሮች የምርጫ ጥያቄ ሥራላቸው። ለፈተናም ተዘጋጁ፣ ተናገሩም። ሌላው፣ የክፍል ምዘናው ብዙ ጊዜ ያንተ ነው። ከእሱ ለንግግር ነጥብ መድብ፤ ነጥብ የሌለውን ነገር ተማሪ ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ጥያቄ፦ አዲሱ መጽሐፍ ላይ «ደረጃ ኤ2» ይላል። ምንድነው?

መልስ፦ የአውሮፓ ካውንስል እ.ኤ.አ. በ2001 ካሳተመው የቋንቋ ችሎታ ደረጃዎች ማዕቀፍ የመጣ ነው። ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ ተማሪው በቋንቋው ምን ማድረግ እንደሚችል ይገልጻሉ። በምን ዘዴ፣ በየትኛው ምንባብ አስተምር አይልም። ስለዚህ ደረጃውን እየጠቀሰ እጅህን የሚያስር ካለ፣ እሱ ራሱ ማዕቀፉን ቢያነበው ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሰዋስውን በተማሪዎቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ ባስረዳስ?

መልስ፦ መመሪያ ካልከለከለህ አስረዳ። በምልክት ሃያ ደቂቃ ከመታገል አንድ ደቂቃ በሚገባቸው ቋንቋ ነግረህ ልምምዱን በሚማሩት ቋንቋ ማድረግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሁሉም በየራሱ ከሄደ የጋራ ፈተናው እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ነፃነት ሲባል የግል ቤት አይደለም። ሴሚስተሩ ሲጀመር ተሰብስባችሁ ምን እንደሚፈተን ተስማሙ፤ መንገዱን ለየመምህሩ ተዉት። ዓመቱ ሲያልቅ ስትዘሉ ዕቅዳችሁ ላይ የጻፋችኋቸውን ማስታወሻዎች ሰብስባችሁ ለዲፓርትመንት ስጡ። መጽሐፍ ለሚያርም ሰው «ከባድ ነው» ማለት ምንም አይፈይድለትም፤ የገጽና የመልመጃ ቁጥር፣ ተማሪው የት ጋ እንደቆመም ንገሩት።