ከተቆጣሁበት ሰው ጋር ጽዋ ልጠጣ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? የምጽፍልዎ ከሞጣ አቅራቢያ ነው። የበዓለ ወልድ የጽዋ ማኅበር አለን፤ አሥራ ሁለት ነን። መጋቢት 29 ከተረኛው ቤት ስንሰበሰብ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን ሊያፈርስ ነው የሚለው ዜና ገና ትኩስ ነበረ። ታናሽ ወንድሜ የልዩ ኃይል አባል ነው። ከማኅበርተኞቹ አንዱ ደግሞ የቀበሌ ሹም ነው፤ የልጄም የክርስትና አባት ነው። እርሱ «ውሳኔው ከበላይ የመጣ ነው፤ ሰከን በሉ» ሲል ቤቱ ተናወጠ። አንዱ «ባንዳ» አለው። ጽዋውን ሳይቀምስ ወጥቶ ሄደ። አሁን ማኅበርተኞቹ «ከማኅበሩ ይሰረዝ፣ ካህኑም ይገዝቱልን፤ እሳት እንዳንጫጫር፣ ቢሞትም እንዳንቀብረው» ይላሉ። ወጣቶቹ ሰልፍ ሊወጡ፣ መንገድ ሊዘጉ ነው። እኔም ልቤ ነዷል። ለትንሣኤ ልቆርብ ተዘጋጅቼ ነበር። ቁጣዬ ኃጢአት ነው? ግዝቱስ ተገቢ ነው? ሰልፍ መውጣትስ? ይፍቱኝ።

መልስ፦ ደብዳቤህን ያነበብሁት ዛሬ፣ በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። አባቶቻችን ይህን ዕለት የጥያቄ ቀን ይሉታል። የካህናት አለቆችና የሕዝብ ሽማግሎች ጌታችንን «በማን ሥልጣን ይህን ታደርጋለህ?» ያሉት፣ ሌሎቹም «ለቄሣር ግብር መስጠት ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም?» ብለው ሊያጠምዱት የመጡት በዚህ ቀን ነውና። ስለዚህ በሕማማት የመንግሥት ነገር ማንሣትህ አያሳፍርህ። «ይፍቱኝ» ያልኸውን ግን ለቅዳሜ አቆይልኝ፤ በዚህ ሳምንት እንደማይባል ታውቃለህ።

ከግዝቱ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እርሱ ነው።

ባለፈው እሑድ፣ በሆሣዕና፣ ፍትሐቱ ሲደርስ ዘንባባህን ይዘህ ቆመህ ነበር ብዬ አስባለሁ። ለምን በዚያ ቀን ይደርሳል? በሕማማት ውስጥ የሚሞት ቢኖር ፍትሐት ስለማይደረግለት፣ አስቀድሞ ለሁላችንም ይደርሳል። ከሰኞ ጀምሮ መስቀል አንሳለምም፤ ካህኑም «ይፍታ» አይልም። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን መፍታትን እንኳ ባቆመችበት ሳምንት እናንተ ማሰር አማራችሁ!

ለመሆኑ ምን ብለው ይገዝቱላችሁ? ጌታችን ሥርዓቱን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 አስቀምጦታል። ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻ ሆናችሁ ውቀሰው፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፤ ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ንገራት። ከእናንተ ውስጥ ብቻውን ያነጋገረው ማን ነው? በጽዋ ቤት፣ በአሥራ አንድ ሰው ፊት ተሰደበ እንጂ አልተወቀሰም። ግዝት በኃጢአቱ የጸናን ሰው ወደ ንስሐ ለመመለስ የተሰጠ መድኃኒት ነው። ይህ ሰው በምን ኃጢአት ጸና? «ሰከን በሉ» በማለት? ያለ ጥፋት የተጣለ ግዝት ተመልሶ የሚያርፈው በጣለው ላይ መሆኑን ካህናችሁ አያጡትም። እኔ በእርሳቸው ቦታ ብሆን ጥያቄውን እንኳ ቆሜ አልሰማም ነበር።

«ቢሞት አንቀብረውም» የሚለውማ ከሁሉ ይከፋል። ጻድቁ ጦቢት በነነዌ ምርኮኛ ሳለ ንጉሡ የገደላቸውን ወገኖቹን ሬሳ በስውር ይቀብር ነበር፤ በዚህም ሀብቱን ተወረሰ፣ ለመሸሽም ተገደደ። እርሱ ንጉሥ ተቆጥቶ እንኳ ከመቅበር አልተመለሰም። እናንተን ማንም አልከለከላችሁም፤ ራሳችሁን ልትከለክሉ ነው።

ስለ ስድቡም አንድ ነገር ልበል። በሌላ አገር ምናልባት ተራ ስድብ ይሆናል። በላይ ዘለቀ አምስቱን ዓመት ጠላትን በተዋጋበት በእኛ አገር ግን ባንዳ ማለት የልጅ ልጅ ድረስ የሚከተል ስም ነው። በሠርግ ጊዜ ሳይቀር «የማን ዘር ነው?» ሲባል የሚነሣ ነው። ጌታችን ወንድሙን «ጨርቃም» የሚለው እንኳ የሸንጎ ፍርድ ይገባዋል ብሏል። ጨርቃም ከባንዳ ይከብዳል ትላለህ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የጻፍህልኝን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በሦስቱም አንድ ነገር ጎደለብኝ፤ የተቆጣኸው በማን እንደሆነ አልነገርኸኝም። ውሳኔው የተወሰነው አዲስ አበባ ነው። መንግሥት የልዩ ኃይሉ አባላት እንደየፍላጎታቸው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ ይገባሉ፣ አገሪቱ አንድ ጠንካራ ሠራዊት ይኖራታል ይላል። በክልላችን ብዙው ሰው ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት በፕሪቶሪያ ስምምነት ከቆመ ገና ስድስት ወር አልሞላም፣ ሥጋቱ ሳይወገድ ጠባቂያችን ለምን ይነሣብናል ይላል። ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ አንተም ወንድምህ ነገ የት እንደሚመደብ ሳታውቅ ልብህ ቢነድ አይደንቀኝም። ነገር ግን አበ ልጅህ፣ ያ የቀበሌ ሹም፣ በዚያ ውሳኔ ላይ እጁን አላወጣም። ቁጣህን የተቀበለው በእጅህ የቀረበልህ እርሱ ስለሆነ ብቻ ነው።

መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 12ን ካነበብህ ቆይተህ ይሆናል። ሕዝቡ ወደ ሮብዓም መጥቶ «አባትህ ቀንበር አክብዶብን ነበር፤ አንተ አቅልልልን» አለ። ሽማግሎቹ «ዛሬ እሺ በላቸው፤ ዘመንህን ሁሉ ይገዙልሃል» ብለው መከሩት። እርሱ የሽማግሎቹን ምክር ትቶ አብሮ አደጎቹን ሰማ፤ «አባቴ በአለንጋ ገረፋችሁ፣ እኔ ግን በጊንጥ እገርፋችኋለሁ» አለ። ሕዝቡም ተቆጣ፤ መቆጣቱን መጽሐፉ አይነቅፍም። ቀጥሎ የሆነውን ተመልከት። ንጉሡ አስገባሪውን አዶኒራምን ላከ፤ ሕዝቡም በድንጋይ ወግሮ ገደለው። ሮብዓምስ? ፈጥኖ ወደ ሠረገላው ወጣና ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ። ጊንጡን የተናገረው በሠረገላ አመለጠ፤ በድንጋይ ያለቀው ተላላኪው ነው። መንግሥቱም ለሁለት እንደተከፈለ ቀረ። በኋላ ሮብዓም ጦር አሰልፎ ሊወጋቸው ሲነሣ ደግሞ በነቢዩ ሸማያ አፍ «አትውጡ፣ ወንድሞቻችሁንም አትውጉ» የሚል ቃል መጣ። ልብ በል፤ ይህ ቃል የመጣው ለተቆጡት ሳይሆን መሣሪያ ለያዘው ለንጉሡ ወገን ነው። ይህን የሚያነብ የመንግሥት ሰው ካለ የእርሱንም ድርሻ ይውሰድ።

እኛም አዶኒራም አላጣንም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ርስቴ ሊነካብኝ ነው ብሎ ተነሣ፤ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጋ ዳሞት ታወኩ። ከመንግሥት ወገንም ጦር ዘመተ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሥተው ሌላ ተሾመ፤ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። አባቴ ይህን ሲተርክልኝ ውዝፉ እስኪማር ድረስ ደስ እያለው ይናገራል፤ ከዚያ ድምፁ ዝቅ ይላል። ግብር ገማቾቹን መንገድ መርቷል የተባለ የሰፈራችን ሰው ነበረ። አዝመራው ተቃጠለ። በኋላ ገማቾቹም ሄዱ፣ ገዥውም ሄዱ፣ ሰውየውና ያቃጠሉት ጎረቤቶቹ ግን በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ በሰሜን በር ሌላው በምዕራብ በር እየገቡ ሃያ ዓመት ኖሩ። ውዝፉ ተማረ፤ ቂሙ ግን አልተማረም።

አሥራ ሁለት ነን ማለትህ አስገርሞኛል፤ ሳታስበው የጻፍኸው ይመስለኛል። ነገ ወዲያ ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ እናቶች ጉልባን ይቀቅላሉ፣ በቤተ ክርስቲያንም እግር ይታጠባል። በዚያች ሌሊት በማዕዱ ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ቀነናዊው ስምዖንና ቀራጩ ማቴዎስ ይገኙባቸዋል። ማቴዎስ ለሮም ግብር ይሰበስብ የነበረ ነው፤ በዘመኑ ቋንቋ ካልን፣ ማኅበርተኛህ የተናገረውን ቃል ሊቀበል የሚገባው ሰው ነበር። ስምዖን ደግሞ ቀናተኛው የሚባል ነው፤ ይህ ስም በዚያ ዘመን ለሕጉና ለአገሩ ለሚቀኑት፣ ቀራጭን ለሚጸየፉት የሚሰጥ ነበር። ጌታችን ስምዖንን «ቅንዓትህን ጣል» ብሎ ከማዕዱ እንደከለከለው አልተጻፈም። ማቴዎስንም «መጀመሪያ ስለ ሮም ያለህን አቋም ተናገር» አላለውም። አንዱን ጽዋ ሰጣቸው፤ «ሁላችሁ ከእርሱ ጠጡ» አላቸው። የእናንተ ጽዋ የዚያ መታሰቢያ ነው። «ሙሴ» የምትሏቸው የማኅበሩ ሰብሳቢያችሁ ይህን ሊነግሯችሁ ይገባ ነበር፤ ምናልባት ጩኸቱ አላሰማቸው ይሆናል።

ስለ ቁጣህና ስለ ቁርባን። መቆጣት ብቻውን ኃጢአት አይደለም። «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ፤ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ይላል ሐዋርያው። ትናንት፣ ሰኞ፣ ያነበብነው ጌታችን ገበታ ገልብጦ ሻጮቹን ከመቅደስ ማስወጣቱን ነው። በዮሐንስ ወንጌል በተጻፈው ግን ወደ ርግብ ሻጮቹ ሲደርስ «ይህን ከዚህ ውሰዱ» አላቸው እንጂ ቅርጫቱን አልረገጠም። ቁጣው ነፍስ ያለበትን ነገር ለይቶ ያልፋል። የአንተ ቁጣ እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። ወንድሜን አሳዘኑብኝ ብለህ ብታለቅስ፣ ብትጮህ፣ አቤት ብትል ከቁርባን የሚከለክልህ የለም። አበ ልጅህ በመንገድ ሲመጣ አይተህ ወደ ሌላ ጎዳና ከታጠፍህ ግን ነገሩ ተለውጧል። ከመጋቢት 29 ወዲህ ፀሐይ ስንት ጊዜ ጠልቃለች? በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሲል ለማን እጅ ልትነሣ ነው? እርሱ ከጎንህ ቢቆምስ? ይህን ሳትፈታ ወደ ቁርባን አትቅረብ። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ የተባለው ለዚህ ነው።

ሰልፉን በተመለከተ ብዙ አልልም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብን፣ ሰልፍንና አቤቱታን ፈቅዷል። «ነፍስ ሁሉ ለባለ ሥልጣናት ይገዛ» ብለው አፍህን የሚያስይዙህ ይኖራሉ፤ ያንን የጻፈው ጳውሎስ ግን ሲበደል «ወደ ቄሣር ይግባኝ ብያለሁ» ያለ ሰው ነው፤ በፊልጵስዩስም ያለ ፍርድ የገረፉት ሹማምንት ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት አድርጓል። ቤተ ክርስቲያናችንም በዚሁ ዓመት፣ ያለ ሥርዓት በተፈጸመው የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ጊዜ ዝም አላለችም። ጾመ ነነዌን ጥቁር ለብሰን አሳለፍን፤ ለየካቲት 5 ሰልፍ ተጠርቶ ነበር፤ ንግግር ሲጀመር ተላለፈ። ጥቁሩን ለብሰህ በዐውደ ምሕረቱ ስታለቅስ ቁጣህ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ አስታውስ፤ በዚያ ቀን ግን ከጎንህ የቆመው የቀበሌ ሹም ይሁን አይሁን የጠየቀህ አልነበረም። እርሱም ጥቁር ለብሶ ነበር፤ አይደለም እንዴ?

ስለዚህ ልጆቹ ይውጡ፣ አይውጡ የሚለውን ከወላጆቻቸውና ከአገር ሽማግሎች ጋር ምከሩበት። እኔ የምለምንህ ስለ መንገዱ ነው። ድንጋይ ተደርድሮበት የሚቆመው መኪና ውስጥ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የምትሄድ ምጥ የያዛት ሴት ትኖርበታለች። ይህን ስል እየገመትሁ አይደለም፤ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ሁሉ እንዲህ ያለች ሴት አትጠፋም። ዓርብ ደግሞ የስቅለት ስግደት ነው። ልጆቹን ስታገኛቸው ዓርብን በቤተ ክርስቲያን እንዲውሉ ለምናቸው። ማታ ካህኑ በወይራ እየጠበጠቡ ስግደት ሲሰጡ፣ የተቆጣ ወጣት አርባ አንድ ጊዜ ቢሰግድ ጉልበቱ እንጂ ልቡ አይጎዳም።

በተማሪነቴ ዘመን ቁራሽ ስለምን በአንድ መንደር የጭቃ ሹሙ ቤትና በእርሱ የተከሰሰው ሰው ቤት ፊት ለፊት ነበሩ። ሁለቱ አይነጋገሩም። እኔ ደበሎዬን ለብሼ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል ሁለቱም ይወጡ ነበር፤ ቁራሹም በአንድ አኩፋዳ ይገባል። አንድ ቀን የጭቃ ሹሙ ሚስት «ከዚያኛው ቤትስ ምን ሰጡህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዳቦ» አልኋት። «የእኛ እንጀራ ነው፤ ዳቦውን ሳትጨርስ አትብላው» አለችኝና ሳቀች። ምን ለማለት እንደፈለገች እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም፤ ግን አልረሳሁትም።

እንግዲህ ነገ ረቡዕ ነው። ወደ አበ ልጅህ ቤት ሂድ። ልጁን ይዘህ ሂድ፤ የክርስትና አባቱ ነውና። በዚህ ሳምንት መሳሳም የለም፤ ስለዚህ በጉንጭ ሰላምታ ማስመሰልም የለም፤ በቀጥታ ትነጋገራላችሁ። የወንድምህን ጉዳይ በግልጽ ንገረው፤ ስለተሰደበውም ይቅርታ ጠይቀው፤ አንተ ባትሰድበውም ዝም ብለህ ተቀምጠህ ሰምተሃል። በውሳኔው ላይ ያላችሁ ልዩነት ሳይፈታ ሊቀር ይችላል። ወንድምህ ወዴት እንደተመደበ የሚጠይቅለት ሰው ከቀበሌ የሚያስፈልግህም እርሱ ነው፤ ይህን ግን መጨረሻ ላይ አንሣው፤ ለዚህ የመጣህ እንዳይመስለው።

የሚያዝያ 29 ተረኛ ማን እንደሆነ አልጻፍህልኝም። እርሱ ከሆነ ጠላው ሳይጠመቅ እንዳያድር አሁኑኑ ንገረው፤ በዕለቱም ከሁሉ ቀድመህ የምትገባው አንተ ሁን።