የአስተዳደር ረዳት ደመወዝ ምን ያህል ያኖራል? ጥያቄና መልስ

13 ዓመት በጸሐፊነትና በአስተዳደር ረዳትነት፣ ከዚያም 8 ዓመት በደመወዝ ክፍል ሠርቻለሁ። ስለ ደመወዛችንና ስለ ኑሮ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን እነሆ እመልሳለሁ። የምትኖሩበት አገር ስለሚለያይ ሁሉንም ከ100 አስቤዋለሁ፤ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ገንዘብ መንዝሩት። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቢሮዬ ሩቅ ነው። ቤቴ አጠገብ ያለ መሥሪያ ቤት ሊቀጥረኝ ይፈልጋል፤ ደመወዙ ግን በ10 በመቶ ያንሳል። ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱን ከማወዳደርሽ በፊት አጣሪያቸው። የአሁኑ ጥቅል ደመወዝሽ 100 ነው እንበል። ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ 78 እጅሽ ይገባል። ከዚህ ላይ ለመጓጓዣ፣ ከቤት ውጭ ለምትበዪው ምሳ፣ እስክትመለሺ ልጅ ለሚጠብቅልሽ ሰው 15 ቢወጣ 63 ይቀርሻል። አዲሱ ሥራ 90 ይከፍላል፤ ሲጣራ 70 ገደማ ነው፤ ወጪው 5 ብቻ ቢሆን 65 ይተርፍሻል። ያነሰው ደመወዝ በለጠ ማለት ነው። በቀን 2 ሰዓት መንገድ ላይ የምታጠፊ ከሆነ ደግሞ በወር ከ40 ሰዓት በላይ፣ የአንድ ሙሉ ሳምንት ሥራ ያህል፣ ይመለስልሻል። ደመወዝ ክፍል ሳለሁ ሥራ የሚቀይሩ ሰዎች የሚያዩት ጥቅሉን ብቻ ነበር፤ ያ ቁጥር ግን የማንም ቤት ገብቶ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ 5 በመቶ ተጨመረልን፤ የዋጋ ግሽበቱ 12 በመቶ ነው። አለቃዬ «ጨምረንልሃል» ይለኛል፤ እኔ ግን ደመወዜ ወር አልደርስ ብሎኛል። የማባክነው ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ የለም ወንድሜ፣ የተቀነሰብህ ነገር ነው ያለው። ደመወዝህ 105 ሆነ፤ በ100 ትሸምተው የነበረው ግን 112 ገባ። 105ን ለ112 ብታካፍለው የቀረህ የአምናው ደመወዝህ 94 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህ 3 ዓመት ቢደጋገም ወደ 82 ይወርዳል። ጭራሽ ካልተጨመረልህማ፣ ዋጋ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ለማወቅ 72ን ለግሽበቱ አካፍል፦ 72 ለ12 ሲካፈል 6 ነው፤ በ6 ዓመት ገደማ ደመወዝህ የሚገዛው ግማሹን ብቻ ይሆናል።

በዚያ ላይ የሚታወጀው ግሽበት የአማካይ ቤተሰብ ነው። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኤርንስት ኤንግል በ1857 እንዳሳየው፣ ገቢ ባነሰ ቁጥር ለምግብ የሚሄደው ድርሻ ይበዛል። ምግብ ከሌላው ዕቃ ፈጥኖ ሲወደድ የእኛ ቤት ግሽበት ከታወጀው ይበልጣል። በየወሩ ሳታቋርጥ የምትገዛቸውን 10 ነገሮች ዋጋ በተመሳሳይ ቀን ጻፍ፤ በዓመቱ የራስህን ግሽበት ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ የቤት ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ መብለጥ የለበትም ይባላል። እኔ 40 እከፍላለሁ፤ አጠፋሁ?

መልስ፦ አላጠፋሽም። ይህ ልክ ከአሜሪካ የመንግሥት ቤቶች የመጣ ነው፤ በ1969 ተከራዩ ከገቢው 25 በመቶ በላይ እንዳይከፍል ተወሰነ፣ በ1981 ጣሪያው ወደ 30 ከፍ አለ። 500 የሚያገኝ ሰው 200 ከፍሎ 300 ይተርፈዋል፤ 100 የሚያገኝ 40 ከፍሎ በ60 ይጨነቃል። መቶኛውን ተዪና የሚተርፍሽን ቁጠሪ።

ጥያቄ፦ የተቀጠርኩት በጸሐፊነት ነው። የበጀት ክትትሉም፣ የውል ረቂቁም፣ የስብሰባው ዝግጅትም እኔ ላይ ነው። ጭማሪ ስጠይቅ «ኑሮ የተወደደው ለሁሉም ነው» ተባልኩ። ምን ልበል?

መልስ፦ እኔም ይህንኑ መልስ ሰምቼ እያለቀስኩ ከቢሮ ወጥቻለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ስለ ኑሮ ስናወራ ኃላፊው «ለሁሉም ነው» ማለት ይችላል፣ ስለ ሥራችን መለወጥ ስናወራ ግን እንዲያ ማለት አይችልም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2008 ባወጣው የሥራ መደቦች ምደባ ጸሐፊ ሁለት ቦታ ይገኛል። በቁጥር 4120 የተመዘገበው ደብዳቤ የሚተይበው፣ ስልክ የሚያነሳው፣ ቀጠሮ የሚይዘው ነው፤ ምድቡም 4፣ ከጽሕፈት ሠራተኞች ጋር። ቁጥር 3343 ደግሞ ደብዳቤውን ራሱ የሚያረቅቀው፣ በጀት የሚከታተለው፣ ሌሎችን የሚያስተባብረው ነው፤ ያለውም ከፍ ባለው ምድብ 3፣ ከመካከለኛ ባለሙያዎች ጋር ነው። ብዙዎቻችን በ4120 ተቀጥረን በ3343 እናረጃለን።

እኔ ያደረግኩት ይህን ነው። አንድ ደብተር ገዝቼ ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈልኩ። በግራ «ታዝዤ»፣ በቀኝ «ራሴ ወስኜ» አልኩት። ለ1 ወር እያንዳንዱን ሥራ፣ ስልክ ማንሳት ሳይቀር፣ መዘገብኩ። «ሁለት ስብሰባ ተጋጨ፤ የቱ እንደሚቀድም ወሰንኩ።» «የአቅራቢው ሒሳብ ከውሉ አይገጥምም፤ መለስኩት።» ወሩ ሲያልቅ የቀኙ ዓምድ ከግራው ረዘመ። ደብተሩን ከሥራ ዝርዝሬ ጋር አያይዤ የጠየቅኩት ጭማሪ ሳይሆን የደረጃ ማስተካከያ ነበር። 7 ወር ቢፈጅም ተስተካከለ። የአንድ ጊዜ ጭማሪ በግሽበት ይበላል፤ ደረጃ ከፍ ሲል ግን ከዚያ ወዲያ በመቶኛ የሚመጣው ጭማሪ ሁሉ ከትልቁ ቁጥር ላይ ይታሰባል።

ጥያቄ፦ በየሳምንቱ 5 ሰዓት ያህል ያለ ክፍያ አመሻለሁ። «የቢሮው ልማድ ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ ለ40 ሰዓት ተዋውለህ 45 ስትሠራ የሰዓት ክፍያህ በ11 በመቶ ወርዷል። የ1930ው የሥራ ድርጅቱ ስምምነት ቁጥር 30 የቢሮ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከመደበኛው ቢያንስ በ25 በመቶ እንዲበልጥ ይደነግጋል። የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ስለሆነ የአገርህን የሠራተኛ ሕግ አንብብ፤ የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓትም ከዛሬ ጀምረህ ጻፍ።

ጥያቄ፦ የመጋዘን ሠራተኛው በደመወዝ ይበልጠኛል። ምክንያቱን ብጠይቅ «ያንቺ የሴት ሥራ ነው» አሉኝ።

መልስ፦ ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የ1951ዱ ስምምነት ቁጥር 100 የሚለው «እኩል ዋጋ ላለው ሥራ» እኩል ክፍያ ነው፤ ሥራዎቹ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። የሚመዘኑት በሚጠይቁት ዕውቀት፣ ኃላፊነትና ድካም ነው። የመጋዘን ቁልፍ መያዝ ኃላፊነት ከሆነ የሠራተኛውን ሁሉ ማኅደር በምስጢር መያዝም ኃላፊነት ነው።

ጥያቄ፦ የወር ወጪዬንና የደመወዝ ወረቀቴን ልኬልሻለሁ። ከምን ላይ ልቆጥብ?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ አየሁት። ኪራይ፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ የልጅ ትምህርት፣ የእናትሽ መድኃኒት፤ ድምሩ ከተጣራው ደመወዝሽ በ4 ይበልጣል። ቆጥቢ ብልሽ መድኃኒቱን ተዪ ማለቴ ነውና አልልሽም፤ የጎደለው ደመወዙ ነው። አንድ ነገር ግን አልጣመኝም፦ ወረቀቱ ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ በየወሩ 3 ይቆረጥብሻል። የ1949ኙ ስምምነት ቁጥር 95 ከደመወዝ የሚቆረጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የግልግል ውሳኔ የፈቀደው ብቻ እንዲሆን፣ ሠራተኛውም እንዲያውቀው ይላል። የ12 ወር ወረቀቶችሽን ይዘሽ ደመወዝ ክፍል ሂጂና ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡሽ። መልሱን ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።